የስምንተኛው ወር ጭስ

«ሁሉን ጥዬ ብን ብዬ ልጥፋ!» የሚል ሰው ስሰማ መታገሥ አቅቶኛል። ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። ድሮ እኔም ከንፈሬን መጥጬ «እውነትህን ነው ወንድሜ» የምል ሰው ነበርኩ። አሁን ግን አውቶቡስ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው «ይሄ ከተማ አንገሸገሸኝ፤ ጥሬ ቆርጥሜም ቢሆን ገጠር ገብቼ በሰላም ልደር» ሲል ዞር ብዬ «ሂዳ! ማን ይዞሃል?» ማለት ያምረኛል። ሁለት ጊዜ ብያለሁ። ባሌ ከእኔ ጋር አውቶቡስ መሳፈር እያፈረ ነው።

የምሠራው ማተሚያ ቤት ነው፤ አራሚ ነኝ። ሰው የጻፈውን እያነበብኩ ስሕተቱን በቀይ እስክሪብቶ እለቅማለሁ። የሥራው ምስጢር አንድ ብቻ ነው፤ ማመሳከር። የሙከራ ኅትመቱን በቀኝ፣ ዋናውን በግራ አስቀምጦ አንዱን ከአንዱ እያስተያዩ መውረድ። ሃያ አንድ ዓመት እንዲህ ስኖር ልማድ ሆኖብኝ ገበያ ሄጄም ሁለት ቲማቲም ጎን ለጎን ይዤ እቆማለሁ። ልጆቼ ይስቁብኛል።

ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት፣ በመስታወት በተከለለችው ክፍል ታናሽ ወንድሜ ይቀመጣል። ፎቶ አንሺያችንና ዲዛይነራችን ነው። እዚያ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ እሱንም ከኃጢአቴ ጋር ቁጠሩልኝ። ባልደረቦቻችን «መነኩሴው» ይሉታል፤ በቀን ሦስት ጊዜ ስለሚመንን። ኮምፒውተሩ ከዘገየበት «ዓለም በቃኝ!» ይላል። ሊፍቱ ቆሞ ሁለት ፎቅ በእግሩ ከወጣ «ጨርቄን ማቄን ሳልል ጫካ እገባለሁ!» ይላል። ስልኩ ደጋግሞ ከጮኸ «እናቴ ጓሮ ጎጆ ቀልሼ፣ ከሰው ርቄ፣ ውኃ ጠጥቼ ልደር!» ይላል። ያው ሰውዬ አንድ ቀን ጠዋት ቤቱ ሙቅ ውኃ ቢጠፋ «በቀዝቃዛ ታጥቤማ አልወጣም» ብሎ ከሥራ ቀርቷል።

ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው። አላገባም። ምድር ቤት ላይ ሁለት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል፤ አንደኛዋን ክፍል «የጸጥታ ክፍል» ይላታል። አንድ ትራስና አንድ ሻማ አለባት፤ ሌላ ምንም የለም። እዚያ ገብቶ በሩን ዘግቶ ዝም ይላል። ዝም ለማለት ቤት የተከራየ ሰው ሳይ እሱ የመጀመሪያዬ ነው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይሉ የለ? እኔ የት ሄጄ ዝም ልበል፤ አንድ ክፍል ተኩል ቤት ውስጥ ከባሌና ከሁለት ሴት ልጆቼ ጋር፣ ሊፍት የሌለው ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ ታጭቄ ነው የምኖረው።

እናታችን የምትኖረው ገጠር ነው። አራት ሰዓት በአውቶቡስ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት በእግር ሽቅብ። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ብቻዋን ናት። ቤቷ አንድ ክፍል ናት፤ ጣራዋ ቆርቆሮ፣ ምድጃዋ ወለሉ መሀል፤ መስኮት የሚባል ነገር የላትም። ጭሱ የሚወጣው በቆርቆሮውና በግድግዳው መሀል ባለው ክፍተት ነው። ያልወጣው እናቴ ዐይን ውስጥ ይገባል።

ይኼ የምነግራችሁ ነገር ከመጀመሩ ከአምስት ወር በፊት ዐይን ሐኪም ዘንድ አምጥቻት ነበር። ቀኝ ዐይኗ ቀድሞ ሄዷል። ግራው ላይ ቁስል ተገኘ። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ነገር አታሽሞነሙንም። «ጠብታው የሚሠራው ጭስ ከሌለ ነው» አለችን። «ከጭስ ካወጣችኋት ይቺ ዐይን ትተርፋለች። ካላወጣችኋት ትጠፋለች። የሚመረጥም የሚያማርጥም ነገር የለውም።»

ወንድሜም አጠገቤ ቆሞ ሰምቷል። እኔ ዘንድ አራተኛ ፎቅ ነው፤ የእናቴ ጉልበት ደረጃ አይወድም። እሱ ዘንድ ግን ምድር ቤት ነው፤ ያቺ ባዶ ክፍልም አለች። ገና አፌን ሳልከፍት «እንዴ እህትዓለም! እናቴ አይደለች እንዴ! ምን ጣጣ አለው?» አለ። አቅፌ ሳምኩት። እናቴን ለጊዜው መለስናት፤ ክፍሉ እስኪዘጋጅ።

ክፍሉ መዘጋጀት የሚባል ነገር አልሆነለትም። መጀመሪያ ቀለም ይቀባ ተባለ። ቀጥሎ ሥራ በዛ። ቀጥሎ «ቆይ ግን እህትዓለም፣ እሷን ከዚያ ንጹሕ አየር ነቅለን እዚህ የመኪና ጭስ ውስጥ ልንከታት ነው?» ይለኝ ጀመር። ንጹሕ አየር! ሰውየው ሐኪሟን የሰማው በየትኛው ጆሮው እንደሆነ አላውቅም። «በዚህ ሳምንት» ይላል፤ ሳምንቱ ያልፋል። እኔም «እሺ፣ በሚቀጥለው» እላለሁ። ልጆቼ የሚተኙባትን ግማሽ ክፍል ዞር ብዬ አላየኋትም። «ጉልበቷ ደረጃ አይችልም» የምትል ምክንያት ነበረችኝ፤ እሷን አቅፌ ተኛሁ። ይኼን ሳስብ ራሴን እጸየፈዋለሁ፤ እሱን ብቻ ሳማ የምውል እንዳይመስላችሁ።

እንዲህ እያልን ሳለን የካላንደሩ ሥራ መጣ። አንድ ትልቅ ድርጅት ለደንበኞቹ የሚያድለው የግድግዳ ካላንደር አዘዘ፤ አርእስቱ «ወደ ቀላሉ ኑሮ»። አሥራ ሁለት ወር፣ አሥራ ሁለት የገጠር ፎቶ፣ ከየፎቶው ሥር ከተማን ጥሎ ስለ መሄድ አንድ አንድ አባባል። አለቃችን ሰበሰቡንና «ሕዝቡ ተማሯል፤ ግድግዳው ላይ እረፍት እንስቀልለት» አሉ። ሁሉም ሰው የሚያውቀውን አባባል እንዲያመጣ ታዘዘ።

ጉድ እኮ ነው፣ መሄድ የማይፈልግ ሰው የለም! ገንዘብ ያዧ «እግሬ ወደመራኝ» አመጣች። ዘበኛው «ዓለም በቃኝ» አመጣ። ጸሐፊዋ «ጎመን በጤና» አለች። ማሽን ክፍል ያለው ሰውዬ «ከሚስቴ እናት ቤት በስተቀር የትም ይሁን» ብሎ አሳቀን፤ እሱ አልታተመም። መነኩሴው ብቻውን ሰባት አመጣ። እነሱን ማበጠር የእኔ ሥራ ነበር፤ አበጠርኳቸው። አሥራ አንዱ ወር ሞላ፤ ስምንተኛው ቀረ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አለቃችን ጠረጴዛዬ ላይ ተደግፈው ቆሙ። እኔ ወደ ቤቴ መሄድ ፈልጌያለሁ፤ ልጆቹ ቁልፍ የላቸውም። እስክሪብቶዬን አነሣሁና በሁለት ደቂቃ ውስጥ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «የገጠር ቤት ጣራው እንጂ ልቡ አይጨስም።»

«ወይ ጉድ!» አሉ አለቃችን። «ይሄማ የድሮ ነው። ከየት አመጣሽው?»

«እናቴ የምትለው ነው» አልኳቸው።

ዐይን ያወጣ ውሸት። እናቴ በዕድሜዋ ስለ ጭስ ስትናገር የሰማኋት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም «ኤጭ፣ ይሄ ጭስ ጨረሰኝ» ነው። ግን እኔ የፈጠርኩት ነው ብል ሰውየው «ሌላ የድሮ አምጪ» ብለው ሊያቆሙኝ ነው። «በይ ከሥሩ ‹የአንዲት እናት አባባል› ብለሽ ጻፊበት» አሉኝ። ጻፍኩበት።

ወንድሜ ከመስታወቱ ክፍል እየዘለለ ወጣ። «ፎቶው የእኛው ቤት ነው! እማዬ በራፉ ላይ ተቀምጣ፣ ጭሱ በጣራው ላይ ሲወጣ! ነገውኑ በሌሊት እሄዳለሁ!»

«እንግዲያው ይዘሃት ና» አልኩት።

«ይዣት እመጣለሁ! የመሥሪያ ቤቱን መኪና እይዝ የለ? ከዚህ የተሻለ ምን አጋጣሚ ይገኛል?»

ያን ዕለት እናቴ ጎረቤት ለሚኖረው አናጢ ደወልኩ፤ በአካባቢው ስልክ ያለው እሱ ነው። እናቴን ጠራልኝ። «ነገ እሱ ይመጣል፤ ከሱ ጋር ትመጫለሽ። ልብስሽን ጠቅልለሽ ጠብቂ» አልኳት።

«ለስንት ቀን?» አለች።

«ለሁልጊዜ እማዬ።»

«ዶሮዎቹን ለአናጢው እሰጠዋለሁ እንግዲህ» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ደስታ ነበረ፤ ጆሮዬ አይሳሳትም። የዚያን ሌሊት ድብን ያለ እንቅልፍ ተኛሁ።

ሰኞ ጠዋት መነኩሴው ብቻውን መጣ።

«እምቢ አለች» አለኝ፤ ቦርሳውን እንኳ ሳያወርድ። «‹ልጄ፣ እኔ ከዚህ ሰላሜ ወጥቼ የት እሄዳለሁ?› አለችኝ። ምን ላድርግ፣ በግድ አልጎትታት! ፊቷን እይውና አንቺው ፍረጂ።» ኮምፒውተሩን ከፈተ። የማተሚያ ቤቱ ሰው ሁሉ ተሰበሰበ።

ፎቶው ያምራል፤ ሐሰት አልናገርም። ጣራው ዙሪያውን ወፍራም ነጭ ጭስ ይተፋል፤ የጠዋት ፀሐይ ገብቶበታል። እናቴ በራፉ ላይ ተቀምጣለች። ፈገግ ብላለች። ጉንጮቿ በእንባ ርሰዋል። «አይ እናት፣ የደስታ እንባ እኮ ነው» አለ የማሽን ክፍሉ ሰውዬ። አለቃችን ከንፈራቸውን መጠጡና «ኑሮ ማለት ይሄ ነው፤ እኛማ መች ኖርን» አሉ። እኔም አየሁት። ልጇን አይታ ሆድ ብሷት ነው ብዬ አለፍኩት። እምቢ ካለች ምን ይደረጋል ብዬም ውስጤ ትንሽ ቀለል አለው። ይኼንንም ልናገር፤ ቀለል አለው።

በማግሥቱ የሙከራ ኅትመቱ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። ሥራዬን ጀመርኩ። ጽሑፉን ከጽሑፉ፣ ፎቶውን ካሜራው ውስጥ ከነበረው ዋናው ጋር። ሌላ ሰው ፎቶ አያመሳክርም፤ እኔ አመሳክራለሁ፤ አንድ ጊዜ የአንድ ሹም ፎቶ ተገልብጦ ታትሞ ጉድ ሆነናል። ስምንተኛው ወር ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። በሙከራው ኅትመት ላይ በእናቴ እግር ሥር ያለው መሬት ብቻ ነው። በዋናው ላይ ግን እግሯ ሥር አንድ ጥቅል አለ። ሰማያዊ አንሶላ፣ በገመድ መስቀልኛ የታሰረ።

ያንን ጥቅል አውቀዋለሁ። ሐኪም ቤት ስትመጣም ይዛው ነበር። የትም አልሄድም ያለ ሰው ጓዙን ጠቅልሎ በራፍ ላይ አይቀመጥም።

ስልኬን ይዤ ወደ ደረጃው ወጣሁና አናጢው ጋ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ እናቴ ለምን ቀረች?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ?» አለ፤ ድምፁ ከወትሮው ወፍሯል። «ቅዳሜ ከንጋት ጀምራ ልብሷን ለብሳ ቁጭ ብላለች። ዶሮዎቹን አስረክባኛለች። ጎረቤቱን ሁሉ ተሰናብታለች። ልጁ መጣ፤ ፎቶ አንሥቶ ‹መኪናው በዕቃ ሞልቷል እማዬ፣ በሌላ ጊዜ እወስድሻለሁ› ብሏት ሄደ።»

«እምቢ አለች ነው ያለኝ።»

«ማን? እሷ?» ሳቀ፤ ሳቁ ደስ አይልም። ከዚያ «ስሚ እህቴ፣ ሌላም ነገር አለ። በስልክ የሚነገር ባይሆንም ልንገርሽ» አለኝ።

ነገሩ ይኼ ነው። ወንድሜ ሲደርስ እሳት አልነበረም፤ መንገደኛ ናትና አጥፍታዋለች። «አንድጂልኝ» አላት። አነደደች። እንጨቱ ደረቅ ነው፤ ጭሱ ቀጭን ሆነ። በካሜራው ሲያየው አልጣመውም። ባልዲ አንሥቶ እንጨቱ ላይ ውኃ አርከፈከፈበት። አሁን ጭሱ መጣ፤ ግን ነፋስ ይበትነዋል። «እማዬ፣ ቤት ውስጥ ሆነሽ እፍ በይልኝ፤ እንዳይነድ፣ እንዳይጠፋም» አላት። እሷ ገብታ እፍ ትላለች፤ እሱ ውጭ ሆኖ ያነሣል። «አሁን ውጪና ተቀመጪ» ይላታል። ትወጣለች። «ቀነሰ፣ ተመለሺ» ይላታል። ትገባለች። ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን።

«እኔ ሄጄ ‹ኧረ ተው፣ ዐይኗ!› ብለው» አለ አናጢው፣ «እሷ ናት የተቆጣችኝ። ‹ዝም በል፣ ልጄ ሥራ ላይ ነው› አለችኝ። ከሄደ በኋላ ዐይኗን ስታሽ፣ ስታሽ አደረች። ዛሬ በራፉን እየዳሰሰች ነው የወጣችው።»

ስልኩን እንዴት እንደዘጋሁት አላውቅም። የመስታወቱን ክፍል በር ከፈትኩ። ወንድሜ ጆሮው ላይ የወፍ ድምፅ አድርጎ ዐይኑን ጨፍኗል። ማዳመጫውን ከጆሮው ነጠቅኩት።

«ጥቅሉን ለምን አጠፋኸው?»

«የቱን?» አለ፤ ከዚያ ገባው። «እሱማ ፎቶውን ያበላሻል። ቀለሙ አይሄድም።»

«እምቢ አለች አላልከኝም?»

«መኪናው ሞልቶ ነበር እህትዓለም፤ መብራት አለ፣ መቆሚያ አለ… ደግሞ ብጠይቃትም እምቢ ማለቷ አይቀርም ነበር። እዚያ ነው ሰላሟ።»

«ውኃውስ? እንጨቱ ላይ የደፋኸው ውኃስ?»

እዚህ ላይ እንኳ አላፈረም። እንደ ሰነፍ ተማሪ ነው ያየኝ። «ደረቅ እንጨት እኮ አይጨስም!» አለ። «ምን ላድርግ? ጭስ ብለሽ የጻፍሽው አንቺ አይደለሽ?»

ባልዲውን ያነሣበትን እጁን አየሁት። ልጅ ሳለ ያንን እጅ በሳሙና ፈትጌ ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ቢነካኝ የምጮኽ መሰለኝ። ወረቀት መጣያው ውስጥ ቱ! ብዬ ተፋሁ። በመስታወቱ ማዶ ባልደረቦቻችን በሙሉ ቆመው ያያሉ። «አላዋቂ ሳሚ» ብዬ ጀመርኩና ተረቱን መጨረስ አቃተኝ። ያንን ጭስ ጽፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ።

በማግሥቱ እናቴን አመጣኋት። ስደርስ በራፉ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ጥቅሉም ሳይፈታ አጠገቧ። «መጣሽ?» አለች፤ በኮቴዬ አውቃኝ። «እሱን እንዳትቆጪው፤ ሥራ በዝቶበት ነው።» የሐኪሟ ቃል አጭር ነበር። ቁስሉ ተከፍቷል። ብርሃንና ጨለማ ትለያለች፤ ከዚያ በላይ የሚደረግ ነገር የለም። «ነግሬያችሁ አልነበረም?» አለች ሐኪሟ። ነግራናለች።

ስልሳ ስምንቱን ደረጃ ባሌ አዝሎ አወጣት። ልጆቼ ያቺን ግማሽ ክፍል ለአያታቸው ባዶ አደረጉላት። ስንት ጊዜ ፈጀ ብትሉኝ፣ ሁለት ሰዓት። አምስት ወር ሙሉ አይቻልም ያልኩት ነገር የሁለት ሰዓት ሥራ ነበር።

ማተሚያ ቤት ስመለስ «ያንን ፎቶ አውጡት» ብዬ አለቃችን ፊት ቆምኩ። «ደንበኛው ወዶ ፈርሞበታል፤ አራት ሺህ ቅጂ ማሽን ላይ ነው። ምን ነካሽ? የእናትሽ ፎቶ እኮ ነው!» አሉኝ። ስለ ፎቶው ጮህኩ። ስለ አባባሉ ግን ትንፍሽ አላልኩም። እሱን ለማንም አልተናገርኩም።

ካላንደሩ ቤታችን የገባው በልጆቼ እጅ ነው። «አያትዬ፣ አንቺ አለሽበት!» ብለው ሰቀሉት። ልወረውረው ነበር፤ እናቴ ግን ደስ አላት። «የኔ ወር ስንተኛው ነው?» አለች። ስምንተኛው ነው አሏት። ወር በተለወጠ ቁጥር «ስንት ቀረኝ?» ትላለች።

መነኩሴውስ? መነኩሴውማ በሰባተኛው ወር መነነ። ደግሶ፣ አስጨብጭቦ! «አሁን እንኳ የእማዬ ቤት ባዶ ነው፤ ሰበብ የለኝም» አለ። የሦስት ወር ፈቃድ ወሰደ። ባልደረቦቻችን አቅፈው ሸኙት፤ «አንተስ የልብህን ሠራህ» አሉት። ባዶ ነው! ለምን ባዶ ሆነ ያለው አንድ ሰው የለም። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ አቀርቅሬ የሰው ስሕተት እለቅም ነበር።

ስምንተኛው ወር በገባ በሦስተኛው ቀን ሊጠይቀን መጣ። ጢሙን አሳድጓል፤ ፊቱ ፀሐይ መቶት ያብረቀርቃል። እናቴን አገላብጦ ሳማት። እሷም ጢሙን በእጇ ዳሰሰችና «ሽማግሌ ሆነሃል» ብላ ሳቀች። ምሳ ቀረበ። እሱ ያወራል፤ ስለ ወፉ፣ ስለ ኮከቡ፣ ስለ ጸጥታው። እኔ ልጆቹን እያጎረስኩ እሰማለሁ።

«ግን እማዬ፣ አንድ ነገር አለ» አለ አፉን እየጠረገ። «እንዴት ነው በዚያ ጭስ ውስጥ የኖርሽው? የመጀመሪያው ሌሊት ልሞት ነበር! ዐይኔ እንዲህ አብጦ! በነጋታው አናጢውን ጠራሁት፤ ቆርቆሮውን ቀደደና ከምድጃው በላይ ቧንቧ ተከለበት። አለቀ! ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ይወጣል። አሁን ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ መጽሐፍ አነባለሁ።»

እናቴ መብላቷን አቆመች። «በስንት ቀን ሠራው?» አለች።

«ምን ቀን አለው እማዬ! ግማሽ ቀን። ከምሳ በፊት ጨረሰ።»

«ግማሽ ቀን» አለች እናቴ።

«እሱም ቢሆን አይሞላም» ካለ በኋላ የገዛ ቃሉ ወንድሜ ጆሮ ውስጥ ገባ መሰለኝ፤ ቀና ብሎ ዐይኗን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። ከዚያ ሳህኑን። ጢሙ ላይ ፍርፋሪ ነበረበት። እኔም ልሰድበው የቋጠርኩት ሁሉ ጠፋብኝ፤ ስለ ቧንቧ እኔም አላሰብኩም። ሃያ አንድ ዓመት ስሕተት ስለቅም የኖርኩት ሴትዮ ያቺን ቤት ስገባና ስወጣ ጣራዋን ቀና ብዬ አላየሁም።

«የኔ ወር ገብቷል አይደል?» አለች እናቴ ወደ እኔ ዞራ። «ከፎቶዬ ሥር የተጻፈውን አንብቢልኝ እስቲ። እስካሁን ያነበበልኝ የለም።»

ልጆቹ እንዳያነቡላት ከልክያቸው ነበር። ተነሣሁ። ማንበቡን ሃያ አንድ ዓመት ሠርቼዋለሁ፤ ያን ቀን ግን ፊደሉ አልወጣ አለኝ። «የገጠር ቤት ጣራው እንጂ ልቡ አይጨስም» አልኩ። «ከሥሩ ‹የአንዲት እናት አባባል› ይላል።»

«የማን እናት?»

«የአንቺ ነው እማዬ» አለ ወንድሜ ቀስ ብሎ። «አንቺ የምትይው ነው፤ እህትዓለም ነግራናለች።»

እናቴ ፊቷን ድምፄ ወዳለበት አዞረች። የማያይ ዐይን እንዲያ ያያል ብዬ አላውቅም ነበር።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አልኩ። «አንቺ አላልሽም። ወደ ቤት መሄድ ቸኩዬ፣ ሰውየው እንዲለቁኝ ብዬ ነው።»

አልጮኸችም። ጮኻብኝ ቢሆን በተሻለኝ። እጇን ልብሷ ላይ ጠረገችና «ሥራሽ ስሕተት መልቀም አይደል?» አለች።

«ነው።»

«በይ ይቺን ልቀሚያት። እኔ ስለ ጭስ ያልኩት ‹ይሄ ጭስ ጨረሰኝ› ነው። እሱን ጻፊበት።»

ቀይ እስክሪብቶዬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። አባባሉን ሰረዝኩት፤ ከሥሩ «የአንዲት እናት አባባል» የምትለዋን ብቻ ተውኳት፤ እሷ አሁን እውነት ልትሆን ነው። በላይዋ «ይሄ ጭስ ጨረሰኝ» ብዬ ጻፍኩ። ወንድሜ ማየት አቅቶት ወደ መስኮቱ ዞሯል።

«ጻፍሽው?» አለች እናቴ።

«ጻፍኩት እማዬ።»

«ጎሽ» አለችና ምሳዋን በጣቷ እየፈለገች መብላት ቀጠለች።

አራት ሺህ ቅጂ ነው የታተመው። አንዱን አረምኩ።